ከደረቅ ተራራ ግርጌ መኖር

የወታደር ቤተሰብ የሚኖርበትን አገር ራሱ አይመርጥም። ግዳጅ ወደ ሰሜን ሲጠራ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ ሲጠራ ወደ ምሥራቅ ዕቃውን ሸክፎ ይነሣል። በጎጃም ወይም በአርሲ ደጋ ላይ አድጋ፣ ከደጃፏ ምንጭ እየቀዳች የኖረች እመቤት፣ አንድ ቀን ድንጋዩ እንደ ምጣድ በሚግልበት፣ ዛፉ ከሰው ቁመት በማይበልጥበት፣ ወንዙም አሸዋ ብቻ በሆነበት ተራራ ሥር ጎጆዋን ትቀልሳለች። ይህ የኑሮአችን ዕጣ ነው፤ አናማርርበትም። ነገር ግን አገር ባንመርጥም ሰፈር እንመርጣለን። በዚያ ተራራ ሥር የትኛው ጥግ ላይ ቤት እንደምንይዝ፣ ውኃውን እንዴት እንደምናኖር፣ ከጎረቤት ጋር በምን ስምምነት እንደምናድር የሚወስነው የመምሪያ ትእዛዝ ሳይሆን የባልና የሚስት ምክር ነው።

ወደ ምሥራቅ የተዛወሩ ባልደረቦቻችን ባለቤቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄም ከዚሁ የመጣ ነው። ከሰፈሩ ውጭ ቤት ስንከራይ፣ ወይም በማኅበር ተደራጅተን ቦታ ሲሰጠን፣ ከተራራው ግርጌ የትኛውን እንምረጥ? አሸዋማውና ለጥ ያለው ቦታ ኪራዩም ይቀላል፣ መሠረት ለመቆፈርም አያስቸግርም፣ ለልጆችም መጫወቻ አለው። ከፍ ያለው ግን ድንጋያማ ነው፤ ውኃ ተሸክሞ ለመውጣትም ያደክማል። እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ቀላል ይመስላል። በዛሬው ዓምዳችን እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑን፣ ከድንበራችን ማዶና ማዶ ባሉ ሁለት ከተሞች ታሪክ አስረጅነት ለማሳየት እንሞክራለን። አንደኛይቱ ሐርጌሳ ናት፤ ሁለተኛይቱ ድሬዳዋ።

በቀን ስም የተጠራው ሰፈር

ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ ከዚያ ወዲያ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሐርጌሳ ይደርሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በድንጋያማ ኮረብቶች መካከል በተዘረጋ ሸለቆ ተቆርቁራለች። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ናሳ ሀብሎድ የተባሉት መንታ ኮረብቶች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ የአገሩ ሰው በቅርጻቸው ምክንያት የልጃገረድ ጡት ብሎ ሰይሟቸዋል። መሐል ለመሐል ደግሞ ማሮዲ ጄሕ የተባለው ወንዝ አልፎ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል። ማሮዲ በሶማልኛ ዝሆን ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ቀን በወንዙ ላይ ከአሸዋ በቀር የሚታይ የለም። ሶማሌዎች በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚፈሰውን እንዲህ ያለውን ወንዝ «ቶግ» ይሉታል። የድንበር ከተማችን ቶጎ ውጫሌም የስሟን መጀመሪያ ያገኘችው ከዚሁ ቃል ነው።

ከሐርጌሳ ሰፈሮች አንዱ 31 ሜይ ይባላል። ስሙ የቀን ስም ነው። ግንቦት 23 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 31 ቀን 1988፣ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በሐርጌሳ በነበረው የዚያድ ባሬ ጦር ላይ ማጥቃት የከፈቱበት ዕለት ነው። ቀደም ብሎ በዚያው ሳምንት ቡርዖን መትተው ነበር። መንግሥቱም ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። ከሐርጌሳ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ ተዋጊ አውሮፕላኖች በሐርጌሳ ቤቶች ላይ ቦምብ ጣሉ። በዚያ ጦርነት ከወደቁት አውሮፕላኖች አንዱ፣ ሚግ፣ ዛሬ በከተማይቱ መሐል በመታሰቢያ ሐውልት ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ነዋሪው የቻለውን ይዞ ሸሸ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበሩን አቋርጦ ወደ አገራችን ገባ። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ የሚገኘው ሐርቲሼክ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። በሐርቲሼክ ሜዳ ላይ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ውኃ አልነበረም፤ የሚጠጣው ውኃ በቦቴ መኪና ከሩቅ እየተጫነ ይቀርብ ነበር። ከመድፍ ያመለጠች እናት ጀሪካኗን በሰልፍ አስቀምጣ ፀሐይ ላይ ስትጠብቅ ትውል ነበር ማለት ነው። ያ ሰፈር እስኪዘጋ ድረስ እስከ 1996 ዓ.ም. ዓመታት አለፉ።

ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ሕዝቡ በየጊዜው ወደ ከተማው ተመለሰ። የተመለሰው ግን ወደ ቤት አልነበረም። አብዛኛው ቤት ፈርሷል፤ የተረፈውም ግድግዳ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ በርና መስኮቱ ተወስዶ ቆሟል፤ በዙሪያው ባለው መሬት ፈንጂ ተቀብሯል። ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጫነ፣ በላዩም ያገኘውን ሸራና ቆርቆሮ እየደፋ ከተማውን እንደ ገና ሠራው። ስሙ የጦርነት ቀን የሆነው ሰፈርም ዛሬ ልጆች የሚያድጉበት፣ እንጀራ ፍለጋ ከአገራችን የሄዱ ሰዎችም ኑሮ ከመሠረቱባት ከዚችው ከተማ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ይኖራል።

በዚህ መልሶ ግንባታ ታሪክ ውስጥ የወታደር ቤተሰብ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ግድግዳውን ጉልበት ያለው ሁሉ ይሠራዋል፤ ድንጋይ ከኮረብታው አይጠፋም። ቤቱን ቤት የሚያደርገው ግን ውኃ ነው። የሐርጌሳ ዋናው የቧንቧ ውኃ የሚመጣው ከከተማይቱ በስተሰሜን፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ርቀት፣ ጌድ ዴብሌ ከተባለ ቦታ ነው። ጉድጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይናውያን እርዳታ የተዘረጋው ሥራ አካል ናቸው። ቦታው ከከተማይቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ውኃው በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ መውጣት አለበት። ያ ሥራ ሲዘረጋ የታሰበው ለዚያን ጊዜው ሕዝብ ነበር፤ ከተማይቱ ግን ከጦርነቱ በኋላ ብዙ እጥፍ አድጋለች። ስለዚህ ቧንቧ ያልደረሰው ቤተሰብ ውኃውን ከቦቴ ወይም ከአህያ ጋሪ በገንዘብ ይገዛል። በገጠሩ በሐውድ ሜዳ ደግሞ ሰዉ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ «ቢርካ» የተባለውን በድንጋይና በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ እየሠራ የዝናቡን ጎርፍ ወደዚያ ይመራል፤ በበጋ ለሰውም ለከብትም የሚሆነውን ከዚያ ይቀዳል።

የውኃ እጦቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ከደረቅ ተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ጭንቁ ጥም ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚህ አገር ሰውን በአንድ ሌሊት የሚጨርሰው ጥም ሳይሆን ራሱ ውኃው ነው። ይህን ለመረዳት ከሐርጌሳ ወደ ራሳችን ድሬዳዋ እንመለስ።

ደመና ያልታየበት ጎርፍ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ሥር በደረሰ ጊዜ ነው። ባቡሩ የሐረርን ተራራ ሊወጣው ስላልቻለ ከግርጌው ቆመ፤ ከተማይቱም በዚያው በግርጌው አደገች። ከዚራንና መጋላን የሚለያየው ደቻቱ እንደ ማሮዲ ጄሕ ሁሉ የአሸዋ ወንዝ ነው። በበጋ ሰውና ግመል እንደ አደባባይ ይመላለስበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ለጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ለመኖሪያ የሚጋብዝ መሬት ነው። ዳር ዳሩም በቤት ተሞልቶ ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ደቻቱ ሞልቶ ወረደ። ከባዱ ዝናብ የጣለው በላይኛው ተራራ፣ በደንገጎና በአካባቢው ደጋ ላይ ነበር። ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ሲደርስ ብዙ ሰው ከአልጋው ለመነሣት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ከሞቱት መካከል ሕፃናትና ሴቶች ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የሞተውን ግን ግንብ አይመልሰውም።

ነገሩ ለምን እንዲህ ይሆናል? ምክንያቱ ከደረቅ ተራራ ጠባይ የሚመነጭ ነው። በደጋ የሚጥለው ዝናብ ሣሩ ይቀበለዋል፣ ጥቁር አፈሩ ይጠጣዋል፤ ወንዙም ቀስ እያለ ይሞላል። በራቆት ተራራ ላይ ግን ውኃውን የሚይዘው የለም። አለቱ አይጠጣም፤ ፀሐይ ያጠነከረው አፈርም በመጀመሪያው ጠብታ ገጹ ይደፈንና እንደ ሸክላ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ አገር ዝናቡ ጥቂት ቢሆንም የሚጥለው ባንድ ጊዜ ነው፤ ከጣለው ውስጥም አብዛኛው ወዲያውኑ ቁልቁል ይሮጣል። ከብዙ ሸንተረር የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ ጠባብ አፍ ይወጣና ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ይበተናል። ያ ለጥ ያለ አሸዋማ ቦታ ለጥ ያለ የሆነው ጎርፉ ራሱ እየተመላለሰ ስላስተካከለው ነው። ኪራዩ የረከሰበት ምክንያትም ከዚህ አይርቅም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ዝናቡና ጎርፉ በአንድ ቦታ አለመዋላቸው ነው። በላይ ሲዘንብ በታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ይታያል። አባቶች ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት ቃል ለዚህ አገር የተነገረ ይመስላል።

እኛ ወታደሮች ይህን አናውቅም ልንል አንችልም። በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን እንዳይተከል፣ ተሽከርካሪ እንዳይቆም፣ ገና በማሠልጠኛ ሳለን ተነግሮናል። የመቶ አዛዡ ለአንድ ሌሊት አዳር እንኳ መጀመሪያ መሬቱን ያጠናል። ታዲያ ለአንድ ሌሊት ድንኳን የምንጠነቀቀውን ያህል፣ ሚስትና ልጆች ለዓመታት ለሚያድሩበት ቤት ስንቶቻችን ተጠንቅቀናል? ባል ግዳጅ ላይ ሆኖ በከፍታ ቦታ ሲያድር ቤተሰቡ በወንዝ አፍ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ፣ ጥንቃቄው በተገላቢጦሽ ውሏል ማለት ነው።

ቦታ ሲመረጥ

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። ቤት ከመከራየት ወይም መሠረት ከመጣል በፊት ባልና ሚስት አብረው፣ በብርሃን፣ በእግራቸው አካባቢውን ይዙሩ። መሬቱ ያለፈውን ጎርፍ ታሪክ ይናገራል።

አንደኛ፣ በግራሩና በቁጥቋጦው ላይ ይመልከቱ። የደረቀ ሣር፣ ፌስታልና ጨርቅ በእሾህ ላይ ተጠምጥሞ ቢታይ ንፋስ አመጣው ብሎ ማለፍ አይገባም። በአንድ ቁመት ላይ በተርታ ከሆነና ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተጠመጠመ ጎርፉ እስከዚያ ደርሶ ነበር። ሁለተኛ፣ ድንጋዩን ያንሡ። ከተራራው ተሰብሮ የወረደ ድንጋይ ጠርዙ ስል ነው፤ ውኃ ያንከባለለው ግን እንደ እንቁላል የለሰለሰ ነው። ለቤት በተባለው ቦታ ላይ ለስላሳ ድንጋይ ከበዛ ቦታው የወንዝ እንጂ የሰው አይደለም። ሦስተኛ፣ ተራራው ውኃውን የሚያወጣበትን አፍ ይፈልጉ። በዚያ አፍ ፊት ለፊት ያለ መሬት፣ ዛሬ ወንዙ በሌላ በኩል ቢያልፍም፣ የሚታመን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጎርፍ የተሸከመው ድንጋይ መንገዱን ሲዘጋበት አዲስ መንገድ ይቀድዳል። አራተኛ፣ ሽማግሌ ይጠይቁ። የቤቱ አከራይ የማይነግረውን በሰፈሩ ያረጀች እናት ትናገራለች።

ከፍ ያለው ድንጋያማ ቦታ የሚያደክም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ድካሙ በቀን ነው፤ ሌሊቱ ዕረፍት አለው። በዚያም ቢሆን ከገደል ሥር መጠጋት አይበጅም፤ በቅርብ የተሰበረ፣ ገጹ ያልጠቆረ ትልልቅ ድንጋይ ከሥሩ የተከመረበት ገደል ነገም ይጥላል። የተሻለው ከወንዙም ከገደሉም የራቀ፣ በሁለት ሸንተረር መካከል ያለ ወገብ ነው።

ከጦርነት በተረፈ አገር ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ሐርጌሳም ጅጅጋም ጦር የተመላለሰባቸው ናቸው፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል የሚታሰብበት ካራማራ ከጅጅጋ አጠገብ የቆመ ተራራ ነው። ጎርፍ በተራራ የተቀበረውን ብረት እየቆፈረ ወደ ሰፈር ሊያወርድ ስለሚችል፣ ከጎርፍ በኋላ ልጆች በአሸዋው ውስጥ ያገኙትን ብረት ሳይነኩ እንዲናገሩ ማስተማር የአባት ሥራ ነው። ስለዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ውኃውን ማኖር

ጎርፍን ከሸሸን በኋላ ጥሙ ይቀራል። እዚህ ላይ እኅቶቻችን ሊያሰሉት የሚገባ አንድ ሒሳብ አለ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 40 ሊትር ውኃ ይወርዳል። 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ደህና ዝናብ 400 ሊትር ማለት ነው። ከዚህ ላይ አምስተኛው እጅ በመርጨትና በመትነን ቢጠፋ እንኳ 320 ሊትር፣ ይኸውም 16 ጀሪካን ይተርፋል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢታሰብ አምስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ አራት ቀን ያኖራል።

በሐርጌሳ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የአገሩ ሰው «ጉ» በሚለው በበልጉ ወራትና «ከረን» በሚለው በክረምቱ ይጥላል፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው «ጂላል» ግን የደረቀ ነው። በዚያ ልክ እንኳ ከላይ የተባለው ጣሪያ በዓመት ከ12,000 ሊትር በላይ ሊሰጥ ይችላል። ይህም ከ600 ጀሪካን በላይ ነው። አንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ወይ በጀርባ የሚወጣ ወይ ከጋሪ በገንዘብ የሚገዛ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አሸንዳና በርሜል ብቻ ነው። ለአሸንዳ የወጣው ገንዘብ በመጀመሪያው በልግ ይመለሳል ብንል አልዋሸንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጂላል በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ወደ በርሜል ሳይገባ ወደ ችግኝ ይለቀቅ። ከዚያ በኋላ የሚወርደው በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ ይግባ። ለመጠጥ የሚሆነው ይፈላ፣ ወይም የውኃ ማከሚያ መድኃኒት በተጻፈው መጠን ይጨመርበት። ከበርሜሉ ሲቀዳ እጅ የሚገባበት ጣሳ አይሁን፤ ቧንቧ ይበጅለት።

ከዚህ ሁሉ ጋር በርሜሉ መከደን አለበት። ይህን ከልብ እናሳስባለን። የውኃ እጦት ያለበት ሰፈር ውኃ ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመውን ካልከደነ ትንኝ ያሳድጋል። በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ፣ በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ደግሞ ቺኩንጉኒያ የተባለው መገጣጠሚያ የሚሰብር ትኩሳት ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በሰው ቤት ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ የምትራባ፣ በቀን የምትነክስ ናት። ከዚህም ሌላ ከእስያ የመጣችና በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትፈለፈል አንዲት የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ተገኝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለደረሰው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት እንደነበረች ታውቋል። ወባ የረግረግና የጫካ በሽታ ነው፣ ደረቅ አገር አይደርስም የሚለው የቀድሞ እምነት እንግዲህ አያዋጣም።

መከላከያው ከባድ አይደለም። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ጨምሮ ይፈጅባታል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን በርሜሉና ጀሪካኑ ሁሉ ውስጡ ይፈተግ። ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን በዕቃው ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍና እንቁላሉ ደርቆ ወራት ስለሚቆይ መፈተግ ያስፈልጋል። ክዳኑ ቀዳዳ ካለው ወንፊት ወይም የአጎበር ቁራጭ ይታሰርበት። በግቢ የተጣለ ጎማና ጣሳ ውኃ እንዳይዝ ይወገድ።

የላይኛውና የታችኛው ጎረቤት

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ ቤት ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው ነው። ከደረቅ ተራራ ግርጌ ግን ብቻውን የሚድን ቤት የለም። ከላይ ያለው ሰው እንጨቱን ለከሰል ሲቆርጥ ጎርፉ የሚደርሰው በታች ላለው ነው። መሐል ያለው የጎርፉን መሄጃ በአጥር ወይም በጥራጊ ሲዘጋ ውኃው ወደ ጎረቤቱ በር ይዞራል። አሸዋ ሻጭ ከወንዙ ዳር ሲዝቅ ዳርቻው ይናድና የሌላው ግድግዳ ይከተለዋል። በዚህ አገር ውኃ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በአንድ ገመድ ያሰረ ነገር ነው።

ስለዚህ ሰፈር ሊስማማባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የጎርፉ መሄጃ የማንም ይዞታ እንዳይሆን፣ ጥራጊም እንዳይጣልበት፤ ከበልግና ከክረምት በፊት በአንድ ቅዳሜ ሁሉም ወጥቶ እንዲጠርገው። ከሰፈሩ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ድንጋይ በተርታ እየተደረደረ እርከን እንዲሠራ፤ የውኃውን ሩጫ ያበርደዋል፣ አፈሩንም ይይዛል። በየግቢው ኒም፣ ቁርቁራና ሽፈራው ይተከል። የቤት እጣቢ የሚያሳድጋቸው፣ ጥላም የሚሰጡ ናቸው። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍ ግን ቶሎ ይለመልማል ተብሎ አይተከል፤ በአፋርና በሶማሌ ክልል ግጦሹን እንዴት እንደወረረው የታየ ነው።

ከሁሉ በላይ ሌሊት የሚያነቃ ሰው ይኑር። ወታደር ሰፈሩን ያለ ዘብ አያሳድርም፤ በዝናብ ወራት የተራራ ግርጌ ሰፈርም ያለ ዘብ ማደር የለበትም። ከላይ በኩል የሚኖረው ቤተሰብ የውኃውን ድምፅ ቀድሞ ይሰማል። ጎርፍ ሲመጣ ከመታየቱ በፊት ድንጋይ እንደሚያንከባልል ከባድ መኪና ያጉረመርማል። ያን የሰማ ሰው ቆርቆሮ ይምታ፣ በስልክ ይጥራ፤ ከዚያ የሰማው ሁሉ ወደሚቀጥለው ያስተላልፍ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በእንዲህ ያለ ሌሊት ነው። ባሏ ግዳጅ ላይ የሆነች እመቤት ሁለት ልጅ ታቅፋ ሦስተኛውን መያዝ አትችልም፤ ሦስተኛውን ማን እንደሚያነሣላት ቀድሞ በስሙ ተነግሮ መታወቅ ይኖርበታል። የምትወጣበትም ከፍ ያለ ቦታ በቀን ታይቶ፣ ልጆች በሩጫ ተለማምደውት ይሁን።

ውኃው መሄድ ከጀመረ በኋላ ለመሻገር መሞከር አይገባም። ከጉልበት የማይበልጥ የሚሮጥ ውኃ ጎልማሳ ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ደግሞ አብዛኛውን ቀላል መኪና አንሥቶ ይወስዳል። ይህን ለሾፌር ባልደረቦቻችን ጭምር እንናገራለን። የደረቅ አገር ጎርፍ እንደ አመጣጡ ቶሎ ያልፋል። ጥቂት ሰዓት የጠበቀ ሾፌር ቤቱ ይገባል።

ባልደረባችን ወደ ግዳጅ ከመነሣቱ በፊት ለቤቱ ሊያደርገው የሚገባው እንግዲህ ከዚህ ይወጣል። አሸንዳው ተጠግኗል ወይ? በርሜሉ ክዳን አለው ወይ? ከላይ በኩል ያለው ጎረቤት የባለቤቴን ስልክ ይዟል ወይ? ልጆቹ የሚወጡበትን ከፍታ ያውቃሉ ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በአንድ ምሽት መጨረስ ይቻላል። ለዘመዶች የሚላከው ገንዘብ፣ ለልጆች የሚገዛው ደብተር ሁሉ የሚታሰብበት የመሰናበቻ ምሽት ይህንንም ይጨምር። ባለቤቱም ስለዚህ ስትጠይቀው ፈራች አይበል፤ ቤት ውስጥ ቀርታ የምትጠብቀው እርሷ ናት።

በሐርጌሳ በጦርነት ቀን የተሰየመው ሰፈር ዛሬ ሰው ይኖርበታል፤ ከደቻቱ ዳርም የተረፈው ሰው ዛሬም በድሬዳዋ ይኖራል። ከደረቅ ተራራ ግርጌ መኖር ይቻላል። ይህች ዓምድ በታተመችበት ሳምንት ቤት ለመከራየት የተነሡ ቤተሰቦቻችን ካሉ፣ ቀብድ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ማለዳ ወደ ቦታው ወጥተው ግራሩን፣ ድንጋዩንና የተራራውን አፍ አይተው ይወስኑ። ቤት ይዘው የተቀመጡትም ዛሬ ማታ ወደ ላይኛው ጎረቤት ሄደው ቡና ይጠጡ፤ ሲመለሱም ስልካቸውን ትተውለት ይምጡ።